በሁዳዴ ሌሊት ከበረቱ ሥር የተቆፈረው፦ ከየካ ተራራ ግርጌ የአንድ ግቢ የጉዳይ ጥናት

ጉድጓዱ ሁለት ስንዝር ስፋትና አንድ ስንዝር ተኩል ጥልቀት ነበረው። ከበረቱ የኋላ ግድግዳ ሥር፣ የአጣናዎቹ እግር ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ውጭ ተበትኗል። ከ14 በጎች አንዱ የለም። በረቱ ውስጥ የፈሰሰ ደምም ሆነ የተዘለዘለ ቆዳ አልተገኘም፤ በተሰነጠቀ አጣና ላይ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ፀጉር ብቻ ተይዞ ቀርቷል።

ግቢው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮተቤ በላይ፣ የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ አልቆ መንደሩ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ከኋላው ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ በክረምት ብቻ ውኃ የሚወርድበት ገደል። የቤቱ ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አሮጊት ሲሆኑ በጎቹን የሚያደልበው ልጃቸው ነው። ሁዳዴ ሲገባ 14 ሙክት ገዝቶ ለፋሲካ ገበያ በፉርሽካ፣ በፋጉሎና በድርቆሽ እየቀለበ ነበር። በረቱ 2 በ3 ሜትር ነው፤ ሲሠራ የታሰበው ለ6 በግ ነበር። ግድግዳው አጣና ተደርድሮ በምስማር የተመታ፣ ጭቃ ያልተለሰነ፣ ጣሪያው አሮጌ ቆርቆሮ፣ በሩም በእንጨት ክፈፍ ላይ የተመታ ቆርቆሮ።

ማን ቆፈረው?

«ጅብ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን» ብሎ መዝጋት ይቀላል። ነገር ግን በከተማው ጠርዝ በግ የሚወስደው ጅብ ብቻ አይደለም። ባለቤት የሌለው ውሻ አለ፤ አልፎ አልፎ ነብር አለ፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ሰው አለ። መፍትሔው እንደ ወሳጁ ስለሚለያይ ይህን ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ሰው ከሆነ በር ይከፈታል፣ ገመድ ይቆረጣል እንጂ አይቆፈርም። ብዙ የሰው ጅብ ጥፋቱን በባለ አራት እግሩ ላይ አላክኮ ኖሯል። ውሾች ከሆኑ ብዙ በግ ይቆስላል፤ ንክሻው ታፋና የኋላ እግር ላይ ይበዛል፣ የሞተውም ሳይበላ ይቀራል። ነብር ጉሮሮ ይይዛል፣ ከመቆፈር ይልቅ መዝለል ይመርጣል፤ በዱካው ላይ ጥፍር አይታይም፣ እንደ ድመት ሰብስቦ ስለሚራመድ። ጅብ ደግሞ አራት ጣት ከነጥፍሩ ያትማል፤ የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው በግልጽ ይበልጣል፣ ርዝመቱም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ግቢ ካባው ውስጥ በተከማቸው ደቃቅ አቧራ ላይ የተገኘው ይኸው ነበር። ከካባው አፍ ላይ ደግሞ ሲደርቅ ኖራ የመሰለ ነጭ ኩስ ተገኘ። ይህን ቀለም የሚሰጠው አጥንት ነው፤ በዚህ አካባቢ አጥንት እንደ ጅብ አድቅቆ የሚፈጭ ሌላ አውሬ የለም።

በጉ ሳይበጠስ መወሰዱም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ጅብ የደጋ በግ የሚያህለውን አንጠልጥሎ መሄድ የሚችል አንገትና ትከሻ አለው። የሚበላውንም ራቅ ብሎ ይበላል፤ ከባልንጀሮቹ ሻሞ ለማምለጥ።

ሁለት ስሕተት በሦስት ቀን

ልጁ በዚያው ጠዋት ጉድጓዱን በአፈርና በጥቃቅን ድንጋይ ሞላ፣ በእግሩም ረገጠው። ከዚህ ላይ የሚማረው ብዙ ነው። አንዴ የተቆፈረ አፈር ካልተነካው ይልቅ የላላ ስለሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ለመቆፈር ይቀላል። አውሬም በተሳካለት ቦታ ይመለሳል። በዚያ ላይ ድንጋዩ የተደረደረው ከውስጥ ነበር፤ ከውጭ የሚቆፍር እንስሳ ከሥሩ አፈሩን ሲስብ ከውስጥ የተደረደረ ድንጋይ ይናዳል እንጂ አይከለክልም።

በሦስተኛው ሌሊት ግን ጅቡ ወደ ጉድጓዱ አልተመለሰም፤ በበሩ መጣ። በሩ አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ነበረው፣ እሱም መካከሉ ላይ። ደፍ አልነበረውም፤ ከቆርቆሮው ግርጌ እስከ መሬት አንድ ስንዝር ክፍት ነው። መካከሉ ብቻ የተያዘ ቆርቆሮ ከታች ሲገፋ ይታጠፋል። ታጠፈ፣ ጅቡም ገባ። አንድ በግ ወሰደ።

ትልቁ ጉዳት ግን በጥርስ የመጣ አልነበረም። 13 በግ በ6 ካሬ ሜትር ውስጥ ሲደነግጥ ወደ አንድ ማዕዘን ይጎርፋል፤ ከታች የቀሩት ትንፋሽ ያጣሉ። ሁለት ሙክት አንድም የጥርስ ምልክት ሳይኖርባቸው ማዕዘኑ ላይ ታፍነው ሞተው ተገኙ። አንድ ትልቅ በግ ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር ቦታ ያስፈልገዋል የሚባለው ለምቾት ብቻ አይደለም፤ መሸሻ ከሌለ ጅቡ የበረት በር ላይ ቆሞ ሳይነክስ ይገድላል።

ቀጥሎ የመጣው ስሕተት የሁሉም ታላቅ ነው፣ ያደረጉትም ልማዱን ተከትለው ነው። ሳይታረዱ የሞቱት ሁለቱ በጎች በክት ናቸው፣ አይበሉም። ልጁና ጎረቤቱ ጎትተው ገደሉ ውስጥ ጣሏቸው። ገደሉ ከበረቱ 80 ሜትር አይርቅም። በማግስቱ ሌሊት እስከ ዚያ ቀን አንድ ድምፅ ይሰማ የነበረበት ቦታ በጅብ ጩኸት ተናወጠ። ለጅብ ይህ የግብዣ ጥሪ ነው፤ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ይሰማል፣ ሽታውም ይመራል። ሥጋውና አጥንቱ በሁለት ሌሊት አለቀ፤ እንግዶቹ ግን መንገዱን ተማሩ።

የሞተ ከብት ወይም በግ ተቀብሮ ከላይ ድንጋይ የሚጫንበት ጉድጓድ ከ1.5 ሜትር ማነስ የለበትም፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃም መራቅ አለበት። ድንገት የሞተና ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው ጥቁር ደም የሚፈስስ ከሆነ ደግሞ ቆዳውን መግፈፍም ሆነ ሆዱን መክፈት አይገባም፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ለምን በደብረ ዘይት ሳምንት?

ይህ ሁሉ የሆነው ከጾሙ እኩሌታ፣ ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ጊዜው ድንገት የተገጣጠመ አይመስልም።

የከተማው ጠርዝ ጅብ በአብዛኛው የሚኖረው በሰው ትርፍ ነው፦ በሥጋ ቤት አጥንት፣ በአንጀትና በቆሻሻ ክምር፣ በሞቱ የጋሪ አህዮች። ከተራራው ወርዶ በገደልና በወንዝ ዳር ይሄዳል። ቀበናን የመሰለው ከእንጦጦ ወርዶ መሐል ከተማ የሚያቋርጥ ወንዝ ለሰው ጉድፍ መጣያ፣ ለጅብ ደግሞ አውራ ጎዳና ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በነዚያ ቀናት ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ የአጥንቱም ምንጭ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ የጅብ ኩስ ውስጥ የሚገኘውን ፀጉር እየለየ ሲቆጥር ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ነበር። በጾሙ ወደ 33.1 በመቶ አደገ፣ ከጾሙ በኋላም ወደ 22.2 ወረደ። ትርፉ ሲጠፋ ጅቡ ወደ አህያ ዞሯል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ለፋሲካ የሚደልበው በግ በብዛት ተገዝቶ በየግቢው የሚታጎረው በዚያው በጾሙ ወራት ነው። አጥንት በሚጠፋበት ጊዜ በረቱ ይሞላል፤ ያውም ለ6 የተሠራው 14 ይይዛል። ስለዚህ ለማድለብ ያሰበ ሰው በረቱን ማጠናከር ያለበት በጉን ከመግዛቱ በፊት፣ በነነዌ ጾም ሰሞን ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ በበጉ ላይ አውሎ በረቱን «ለዘንድሮ ይበቃል» ይለዋል።

ጅቡን ጠላት አድርጎ ብቻ ማየትም ሒሳቡን ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ ጥንብ እንደሚያነሡ ገምቷል። በአዲስ አበባ ገደሎችም ማንም የማይቀብረውን የጋሪ አህያ የሚያነሣው እሱ ነው።

ቀስቱ

ከዚህ መካከል አንድ ጎረቤት ቀስት ሠርቶ መጣ። ከምዕራቡ ቆላ መጥቶ በካባ ሥራ የቆየ ሰው ነው፤ በአገሩ ቀስት የወንድ ልጅ ዕቃ ነው። «ወንድሜ፣ ደጁ ላይ አድብቼ አንድ ሌሊት ብቻ ስጠኝ» አለው ልጁን። የቀስቱ ነገር ከበጎቹ ጉዳይ ቢወጣም ሥራው ራሱ የሚታይ ነው።

ከገበያ የተገዛ ርጥብ ቀርከሃ ሰንጥቆ 1.60 ሜትር ርዝመት ሰጥቶታል፤ መያዣው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ወደ ጫፎቹ እየቀጠነ 1.5 ይደርሳል። ልኩ ጥሩ ነው፤ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ለሚስብ ክንድ ቢያንስ ከስቡ እጥፍ በላይ ርዝመት ያለው ደጋን ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ግን ተበላሽቶበታል። አንደኛ፣ ቀርከሃው አልደረቀም። ርጥብ እንጨት ሲለጠጥ ይታዘዛል፣ ተመልሶ ግን አይቃናም፤ አውታሩ እንደ ተወጠረ አንድ ሌሊት አድሮ ሲፈታ ደጋኑ 8 ሴንቲ ሜትር ጎብጦ ቀረ። ከጎበጠ ደጋን የሚወጣ ፍላጻ ጉልበት የለውም። በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ በሰም ወይም በቀለም ተደፍነው ለወራት መድረቅ ነበረበት። ሁለተኛ፣ ለማሳመር ብሎ የቀርከሃውን አንጸባራቂ ቅርፊት ፍቆታል። የቀርከሃ ጉልበት ያለው በውጭ ቅርፊቱ ሥር በተጠቀጠቁት ጭረቶች ነው። ስለዚህ ቅርፊቱ ሳይነካ ወደ ዒላማው በሚዞረው ጀርባ ላይ መቆየት አለበት፤ የሚጠረበው ወደ ተኳሹ የሚዞረው ሆዱ ብቻ ነው፣ አንጓውም ጉብታው እንዳለ ይተዋል። ቅርፊቱ የተፋቀ ደጋን በሦስተኛው ቀን አንጓ አጠገብ ስንጥር አነሣ።

ቀስቱ ፍጹም ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ አይሆንም ነበር። ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥና ደም በማፍሰስ ነው እንጂ እንደ ጥይት በመምታት ኃይል አይደለም። የተሳለ ብረት ሳንባ ወይም ልብ ካላገኘ የተመታው እንስሳ ረጅም መንገድ ይሮጣል፤ በባትሪ ብርሃን፣ ከ15 ሜትር፣ የማይቆም ጥላ ላይ ደግሞ ያንን ማግኘት በቀስት ያደገ ሰውም ዋስትና የማይሰጥበት ነገር ነው። የቆሰለ ጅብ ነጋ ጠባ ሕፃን በሚያልፍበት ገደል ውስጥ ይተኛል። ሕጉም አለ፤ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሦስተኛው ምክንያት ለባለ በጉ ይበልጥ ቅርብ ነው፦ አንዱ ቢሞት መንገዱና ሽታው ባለበት ሌላው ይተካዋል።

መርዝ ቀብቶ ሥጋ መጣል የሚለው ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። ይህ ከቀስቱ እጅግ የከፋ ነው። መርዙን የበላው ጅብ ሲሞት የሚያነሣው ጥንብ አንሳና ውሻ ነው፤ በአዲስ አበባ ቄራ ዙሪያ የሚታየው ትንሹ ባለ ራቁት ፊት ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ገደሉ ወደ ወንዝ ይፈስሳል።

የካባው ሰው ቀስት መጨረሻ ያስቃል። በእንጦጦ ሥር ደጋን ሲባል ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ጥጥ መንደፊያው ነው፤ አንዲት ፈታይ ጎረቤት ጎባጣውን ደጋን ተቀብላ በቀጭን አውታር ወጥራ ጥጥ ትነድፍበታለች። ለዚያ ጉልበት አይፈልግም፣ መንቀጥቀጥ ብቻ ይበቃዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት የተሠራው

አራቱ በጎች ወደ ማድ ቤት ገቡ፣ ስድስቱ በበረቱ ቀሩ። ይህ ብቻውን የመታፈኑን አደጋ አስቀረ፤ ምንም ወጪ የለውም።

ከዚያ የግድግዳው ግርጌ ተያዘ። ጊዜ ስለሌለ መሠረት ቆፍሮ ድንጋይ ማስገባት አልተቻለም፤ ስለዚህ የሽቦ ቀሚስ ተመረጠ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚቆፍር እንስሳ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር፣ እግሩ ከሚያርፍበት ቦታ ነው። እዚያ መሬቱ ላይ ሽቦ ከተነጠፈ ይጭራል፣ ጥፍሩ ይያዛል፣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ስንዝር ሁለት ስንዝር አፈግፍጎ ከቀሚሱ ጠርዝ ውጭ መቆፈር መጀመርን ብዙ ጊዜ አያስበውም።

ለዶሮ ቤት የሚሸጠው ቀጭን ወንፊት ሽቦ አይሆንም፣ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ለአጥር የሚሸጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ 11 ሜትር ተገዛ። በመጀመሪያ ከግድግዳው ውጭ ያለው ሣርና ፍግ ተጠርጎ መሬቱ ተደለደለ። መረቡ 30 ሴንቲ ሜትሩ ግድግዳው ላይ ወጥቶ በታጠፈ ምስማር በየአንድ ስንዝሩ ተመታ፤ የቀረው 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ተነጠፈ። በላዩ ሁለት ሰው የሚያነሣቸው 38 ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከካባው መጥተው ተደረደሩ፤ ትናንሾቹ አይጠቅሙም፣ ጅብ በአፍንጫው ይገለብጣቸዋል።

የተበላሸው ማዕዘኑ ነው። መረቡ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የተነጠፈው ክፍል ለሁለት ተከፍሎ መካከሉ ባዶ ይቀራል፤ ልክ እንደ ተቀደደ ቀሚስ። ይህን ያላዩት በአራተኛው ቀን፣ በሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን አዲስ ጭረት ከተገኘ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ማዕዘን 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በማሰሪያ ሽቦ ተሰፋ።

በሩ ሌላ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ደፍ፦ 1.20 ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ 15 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከላይ ትንሽ ብቅ እንዲል ተደረገ። በቆርቆሮውና በደፉ መካከል የቀረው ክፍተት ከሦስት ጣት አይበልጥም። ቀጥሎ አከፋፈቱ ተለወጠ፤ ወደ ውስጥ ይከፈት የነበረው ወደ ውጭ እንዲከፈት ሆነ፤ አሁን ጅቡ ሲገፋ በሩ ይበልጥ ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል። መቀርቀሪያው ሁለት ሆነ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከደፉ በላይ አንድ ስንዝር ላይ። ከሁለቱ የሚበልጠው የታችኛው ነው። ቆርቆሮው ከጀርባው በሁለት አግድም አጣና ተደገፈ።

ባለ ፀሐይ መብራትም ተሰቀለ፣ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራው ዓይነት። አራት ሌሊት ሠራ። በአምስተኛው ጅቡ በብርሃኑ ሥር አልፎ ሄደ። መብራት ብቻውን የማይጎዳው መሆኑን እንስሳው ቶሎ ይለምዳል፤ ለሰው መውጫ መግቢያ ግን ይጠቅማል ተብሎ ተተወ።

ውሻውስ? ሁለት ውሾች ነበሩ፣ አንዱ በሰንሰለት። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ከግቢ ውጭ ካለ ራሱ ራት ነው። ሁለቱም በግቢው ውስጥ ተለቀቁ። ምንም እንኳ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ቢባልም የእነዚህ ጥቅም ጅብ ማባረር ሳይሆን ሰው መቀስቀስ ነው።

አመዱ ምን አሳየ?

ሥራው መያዙን ለማወቅ ሌሊቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ማታ ማታ ከቀሚሱ ድንጋይ ውጭ በሦስት ቦታ፣ በአንድ ሜትር ስፋት፣ የተነፋ አመድ ይነሰነሳል፤ ጠዋት ዱካው ይቆጠራል፣ ከዚያ በመጥረጊያ ይደመሰሳል። ርጥብ አመድ ዱካ አይዝም፣ ነፋስ ካለም ደቃቅ አፈር ይሻላል። እስከ ሆሳዕና በተቆጠሩት 18 ሌሊቶች ዱካ የታየው በ7ቱ ነው፤ ከ7ቱ 5ቱ በመጀመሪያዎቹ 9 ሌሊቶች ውስጥ ናቸው። ጭረት የተገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱም ማዕዘን ላይ። ከዚያ በኋላ ዱካው በገደሉ በኩል ያልፋል እንጂ ወደ ግድግዳው አይታጠፍም።

ገደሉ ላይ የነበረውም ነገር ተለውጧል። ከሰፈሩ አምስት ግቢዎች በክትና የዶሮ አንጀት እዚያ መጣል አቁመው የጋራ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ዱካው የቀነሰው በሽቦው ነው ወይስ በገደሉ? ሁለቱ በአንድ ሳምንት ስለተሠሩ መለየት አይቻልም። ሽቦው ሳይኖር ገደሉ ቢጸዳ ግን የተራበው ጅብ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንኑ በረት ነበር።

ከልክ በላይ የተዘጋው በረት

በጉ በጅብ ሳይሆን በብርድ እንዳይሞት ተብሎ ደግሞ ሌላ ስሕተት ተሠራ። እማማ «ነፋሱም ይግባ፣ ጅቡም ይግባ ልትሉ ነው እንዴ?» ብለው የአጣናውን ክፍተት ሁሉ በሸራ አስሸፈኑት። በሳምንቱ ሁለት በጎች ሳሉ፣ ከአፍንጫቸው ፈሳሽ ወረደ።

ፍግና ሽንት ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ የበጉን ሳንባ ያቆስላል፣ የሳንባ ምችም ቀጥሎ ይመጣል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ገብቶ በበጉ አፍንጫ ልክ ቁጢጥ ማለት። ዓይን ከቆጠቆጠ በረቱ ታፍኗል። የቆመ ሰው ይህን አያውቀውም፤ በጎቹ ግን የሚተነፍሱት ከታች ነው። ሸራው በግርጌው እስከ አንድ ሜትር ብቻ ተትቶ፣ ከጣሪያው ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተደርጎ ያው የአጥር መረብ ተመታበት። ነፋሱ በበጉ ላይ ሳይነፍስ ከራሱ በላይ ያልፋል። ሁለቱም በጎች በእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ዳኑ፤ ክብደታቸው ግን ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ለፋሲካ በቅናሽ ተሸጡ።

ስለ ሰው

በነዚህ ሳምንታት ሰው አልተነከሰም። ያም ሆኖ ለማሕሌትና ለኪዳን ሌሊት የሚወጡት የሰፈሩ ሰዎች ተያይዘው፣ ባትሪና ዱላ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ጅብ ሲታይ መሮጥ አይገባም፤ ፊትን ወደ እሱ አድርጎ፣ ድምፅ እያሰሙ ወደ ኋላ መራቅ ነው። አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው ብቻውን በሚሄድ ሕፃን፣ ደጅ በሚያድር ሰውና በሰከረ ላይ ነው።

በጠራራ ፀሐይ የሚታይ፣ ሰው የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ጅብ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ምልክት ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን የለም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚሄድ ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ። የግቢው ሁለት ውሾችም በዚያው ሰሞን ተከተቡ፤ ክትባቱ በየዓመቱ መደገም አለበት።

ከፋሲካ በኋላ

በጎቹ ከተሸጡ በኋላ አሮጌው በረት ፈርሶ 3.5 በ4 ሜትር የሆነ ተሠራ፤ ለ12 በግ እንዲመች። መሠረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ስፋት ያለው ድንጋይ ነው፤ ከመሬት በላይ ደግሞ በጭቃ የተገነባ የአንድ ሜትር ድንጋይ ግንብ አለ። በሩን ሳይጨምር ዙሪያው 14 ሜትር ስለሆነ በጠቅላላው ወደ 8.5 ሜትር ኩብ ድንጋይ ገባበት፤ ከግማሽ ሲኖ ትንሽ የሚያልፍ። ከግንቡ በላይ አጣናው ጭቃ ተለሰነ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው መተንፈሻ በመረብ ቀረ። አራቱም የውስጥ ማዕዘኖች እስከ በግ ትከሻ በድንጋይ ተሞልተው ክብ እንዲሆኑ ተደረገ፤ ማዕዘን ከሌለ በግ ይዞራል እንጂ አይከመርም።

ከውጭ በገደሉ በኩል የቀጋና የአጋም ቅርንጫፍ ታጥሯል፤ ሥር ይዞ እስኪያድግ ግን ደረቁ እሾህ በየዓመቱ ይተካል።

የሽቦ ቀሚሱ አልተጣለም፣ በአዲሱ በር ፊት ተነጥፏል። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን በኩል ያለውን አፈር ጠርጎ ከድንጋዮቹ ሥር ባዶ ቦታ ከፈተ፤ ሦስት ድንጋይ ተነሥቶ፣ ጠጠር ተሞልቶ፣ እንደገና ተጭኖበታል። ከደፉ ሥርም ውኃ ይገባ ስለነበር በሩ ፊት ወደ ገደሉ የሚያፈስ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቀድዷል። በክረምት በየሳምንቱ፣ በበጋ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ዙሪያው በእግር እየተረገጠ ይፈተሻል።